መዋጋት አልተከለከልንም፤ የተከለከልነው ማዘዝን መማር ነው

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ከቁጠባ መዝገባችንም ከባልትና ሥራችንም የራቀ ሊመስል ይችላል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ሴት ልጆቻችን ወደ ጦር አካዳሚ በዕጩ መኮንንነት ለመግባት ሲያመለክቱ ከወንዶች እኩል ይታያሉ ወይ? ጉዳዩ በቡና ላይ ሲነሣ ከመካከላችን «ደግሞ ልጅ ለጦርነት ልናስመዘግብ ነው?» ያላችሁ አላችሁ። ጥያቄው የእናት ጥያቄ ነው፤ አናልፈውም፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በቅድሚያ የምንለውን ባጭሩ እናስቀምጥ። በአገራችን ሴት እንዳትዋጋ የከለከላት የለም። የተከለከለችው የጦር ትምህርት ተምራ ማዘዝን ነው። ይህ ደግሞ የሚወሰነው በጦር ሜዳ አይደለም፤ በትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ በምዝገባው ቀን ነው።

ከራሳችን አገር እንነሣ። በዚሁ በወሎ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስታወት ሠራዊት ይዘው ግዛት ያስተዳደሩ፣ እርስ በርሳቸውም የተፎካከሩ ሴቶች ነበሩ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ ለዐፄ ቴዎድሮስ መልሰው ከመስጠት ይልቅ ወደ ሸዋ ያሳለፏቸው ወይዘሮ ወርቂት ናቸው። ያ ውሳኔ የልጃቸውን ሕይወት አስከፍሏቸዋል። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚሁ አምባሰል ነው። ውሉ ፈርሶ ክተት ሲታወጅ የሸዋ ጦር በጥቅምት 1888 እንዲሰበሰብ የታዘዘው ወረኢሉ ላይ ነው። በዚያ ዘመቻ ሴቶች ስንቅ ተሸክመው፣ ፈጭተው፣ ጋግረው፣ ቁስለኛ አስታመው እስከ ዐድዋ ሄደዋል። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል፤ የመቀሌው የጣሊያን ምሽግ ውኃው ተይዞበት እንዲለቅ ያደረገው ዘዴም የእሳቸው እንደነበር ታሪክ ይነግረናል።

ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ከዚያ በመጣው የወረራ ዘመን ከበደች ሥዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ከተገደሉ በኋላ አርበኞችን መርተዋል። ሸዋረገድ ገድሌ አርበኞችን ሲረዱ ተይዘው እስከ ጣሊያን አገር ተግዘዋል።

እነዚህን ስሞች በየዓመቱ ማርች 8 ላይ እንደምንጠራቸው ሁሉ አሁንም ጠርተን ልናልፍ አይደለም። አንድ ነገር እናስተውል። ወርቂት ያዘዙት በልጃቸው ስም ነው። ጣይቱ የንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት ናቸው። ከበደች የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅና የደጃዝማች ሚስት ናቸው። ጀግንነታቸው የራሳቸው ነው፤ ሥልጣናቸው ግን በአባት፣ በባል ወይም በልጅ በኩል የመጣ ነበር። ይህ ጥላ ያልነበራት የወረኢሉ ወይም የቃሉ ገበሬ ሚስት ፈጪ ሆና ዘመተች፤ ከሞት ከተረፈችም ፈጪ ሆና ተመለሰች።

ይህን ሊለውጥ የሚችለው የጦር ትምህርት ቤት ነበር። የጦር ትምህርት ቤት ማለት የማንም ሰው ልጅ በዘሩ ሳይሆን በፈተና ገብቶ አዛዥ የሚሆንበት ቦታ ነው። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት ተከፈተ። የሐረር ጦር አካዳሚ ደግሞ በ1950ዎቹ መግቢያ ላይ በሕንድ መኮንኖች አስተማሪነት ሥራ ጀመረ፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶችን ተቀብሎ ለ3 ዓመት እያሠለጠነ በምክትል መቶ አለቅነት ያስመርቅ ነበር። የድሃ ልጅ ጄኔራል የሚሆንበት መንገድ በአገራችን ተጠረገ። ግን የተጠረገው ለወንድ ልጅ ብቻ ነበር።

ይህ የወታደር ቤት ጉዳይ ብቻ የሚመስላት ካለች ሰኔ 1966ን ታስታውስ። ያን ጊዜ ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ ከመቶ በላይ ሰዎች ደርግ ብለው ተሰባሰቡ፤ በኋላም የአገሪቱን ሥልጣን ያዙ። ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ነበሩበት። ሴት ግን አልነበረችበትም። ስለ መሬት፣ ስለ ቤት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ሞት የወሰነው ያ ስብስብ ሴት ከማትገባበት ቤት የወጣ ነበር። የአካዳሚው በር ወዴት እንደሚያደርስ ከዚህ በላይ ማስረጃ አንፈልግም።

ከደርግ ጋር በተደረገው የ17 ዓመት ጦርነት ሴቶች በብዛት ተሰልፈዋል፤ ከሕወሓት ተዋጊዎች ከሦስት አንዱ ያህል ሴቶች እንደነበሩ በተደጋጋሚ ተጽፏል። ከ1983 በኋላ ብዙዎቹ ከሠራዊቱ ተሰናበቱ። እንግዲህ በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በዐድዋ፣ በአርበኝነትና በእርስ በርስ ጦርነቱ፣ ሴት ስትፈለግ ተጠራች፤ ማዕረግ ሲታደል ግን ቁጥሯ ተመናመነ።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ያለፈው በደል እንዲካስም የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ እንዲሆኑ ይፈቅዳል፤ በሥራ ቅጥርና በደረጃ ዕድገት እኩል እንዲታዩም ያዛል። ስለ መከላከያ የሚናገረው አንቀጽ 87 ደግሞ የሠራዊቱ አባላት የብሔር ብሔረሰቦችንና ሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ እንዲያካትቱ ይጠይቃል። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቧቸው። የብሔር ተዋጽኦ በሠራዊቱ አንቀጽ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል፤ የሴቶች ተዋጽኦ ግን እዚያ የለም። መብታችን በአንቀጽ 35 ውስጥ አለ፤ ነገር ግን የጦር ሰፈሩን አጥር ተሻግሮ እንዲገባ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ ሴቶች ሲሆኑ ኢንጂነር አይሻ መሐመድ የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ደስ ብሎናል፤ እልል ብለናል። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ የመከላከያ ሚኒስትር ሲቪል እንዲሆን ስለሚያዝ ሚኒስትር በአንድ ቀን ሊሾም ይችላል። ጄኔራል ግን በአንድ ቀን አይሾምም። ከምክትል መቶ አለቃ ተነሥቶ መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ሌተናል ኮሎኔል፣ ኮሎኔል እያለ ብርጋዴር ጄኔራል እስኪደርስ ከሃያ ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ በዕጩ መኮንንነት ያልገባች ልጅ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ከአዛዦች መካከል አትገኝም። ያን ጊዜ «ብቁ ሴት አጣን» ቢባል ያጡት ያን ጊዜ አይደለም፤ ዛሬ ነው።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ወደ ሠራዊቱ የሚያስገባ አንድ በር ብቻ አይደለም። አንዱ የመደበኛ ወታደር በር ነው፤ መሠረታዊ ሥልጠና ወስዶ ከታች የሚጀመርበት። ሌላው የዕጩ መኮንን በር ነው፤ በትምህርት ውጤትና በፈተና ተገብቶ በመኮንንነት የሚወጣበት። በመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ደግሞ የምህንድስናና የጤና ትምህርት የሚሰጥባቸው ኮሌጆች አሉ። በፋብሪካ የምትሠሩ እህቶች ይህን ሳይነገራችሁ ታውቁታላችሁ። በስፌት መኪናው ረድፍ የተቀመጡት ሴቶች ናቸው፤ በረድፉ መካከል እየተዘዋወረ የሚቆጣጠረው ማን ነው? «ሴቶች ቀጥረናል» ማለትና «ሴቶች ይመራሉ» ማለት ለየቅል ነው። ሠራዊቱም እንዲሁ ነው። ስንት ሴት ገባች ብቻ ብለን አንጠይቅ፤ በየትኛው በር ገባች ብለንም እንጠይቅ።

የሐረርን አካዳሚ ያስተማሩ መኮንኖችን የላከችው ሕንድ ራሷ ይህን ጥያቄ የመለሰችው ገና በቅርቡ ነው። እዚያ ወንድ ልጅ 12ኛ ክፍልን እንደጨረሰ ወደ ብሔራዊ የመከላከያ አካዳሚ ይገባል። ሴት ልጅ ግን ዲግሪዋን እስክትይዝ ጠብቃ በሌላ ትምህርት ቤት፣ ለአጭር ጊዜ አገልግሎት ትቀጠር ነበር። እሷ ስትጀምር እሱ በማዕረግ ቀድሟታል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሴቶች የመግቢያ ፈተናው ላይ እንዲቀመጡ አዘዘ። ከ170 ሺህ በላይ ሴቶች አመለከቱ። ለመጀመሪያው ዙር የተመደበላቸው መቀመጫ ስንት ነበር? 19። ከእነሱ 17ቱ በግንቦት 2025 ተመረቁ። በሩ ተከፈተ፤ የተከፈተው ግን በስንጥቅ ነው።

እዚያው አገር በነሐሴ 2025 የታየ ሌላ ክርክርም ነበር። ለጦሩ የሕግ መኮንንነት 6 መቀመጫ ለወንድ፣ 3 መቀመጫ ለሴት ተመድቦ ነበር። ከተመረጡ ወንዶች የበለጠ ነጥብ ያመጡ ሴቶች የሴቶቹ መቀመጫ ስለሞላ ብቻ ቀሩ። ፍርድ ቤቱ አሠራሩን ሕገ ወጥ ብሎ ሻረው። ይህን ለምን አነሣነው? እኛ አገር «በኮታ የገባች» ስድብ ሆኗል፤ ኮታ ሲባል ለሴት የተደረገ ችሮታ ብቻ ይመስለናል። እዚያ ግን ኮታው የወንዶችን ወንበር ሲጠብቅ ተገኘ። ስለዚህ በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ «ሴት፦ ይህን ያህል» የሚል ቁጥር ስናይ መጠየቅ ያለብን ይህ ቁጥር ወለል ነው ወይስ ጣሪያ ብለን ነው። ወለል ከሆነ ከዚያ በታች አይወረድም፤ የበለጡ ብቁዎች ከመጡ ይጨመራል። ጣሪያ ከሆነ ግን ድጋፍ አይደለም፤ መከልከያ ነው።

አሜሪካም ዌስት ፖይንት የተባለውን አካዳሚዋን ለሴቶች የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ያውም ሕግ ወጥቶ። በዚያ ዓመት 119 ሴቶች ገቡ፤ በ1980 የተመረቁት 62 ናቸው። መግባት አንድ ነገር ነው፤ ገብቶ መጨረስ ሌላ ነው። የመኝታ ቤቱ፣ የበደል አቤቱታ የሚሰማው ሰው፣ አሠልጣኙ ለሴት ያለው አመለካከት አብረው ካልታሰቡ በሩ ሲከፈት ደስ ብሎን ሲዘጋ ሳናይ እንቀራለን።

አሁን የእናቶችን ጥያቄ እንመልስ። ጦርነት ምን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ የሚነግር ሰው አያስፈልግም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የተዘረፈውን ሆስፒታል፣ የተሰደደውን ቤተሰብ፣ እስከ ዛሬ አፍ አውጥቶ የማይነገረውን የሴቶች በደል። ዛሬም በአካባቢያችን ሙሉ ሰላም የለም። ስለዚህ ይህ ማኅበር «ልጃችሁን ላኩ» አይልም። ማንም ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ተገፍቶ ወይም ተታሎ እንዳይገባ እንፈልጋለን። አቋማችን ይህ ነው፦ የማትፈልግ አትገፋ፤ የምትፈልግ አትመለስ።

ደግሞ አንድ ነገር እናስብ። ሴት መኮንን በሌለችበት ጦርነት አልቀረልንም። ሴቶቹ በሌሉበት ታዘዘ፤ መከራው ግን እኛ ላይ ደረሰ። በኬላ ላይ ስንፈተሽ የምትፈትሸን ሴት ብትሆን እንወዳለን። የተበደለች ልጅ ቃሏን የምትሰጠው ለሴት መርማሪ ቢሆን ይቀላታል። ወታደሩ ሲቪሉን እንዳይነካ የሚያዝ፣ የነካውንም ለፍርድ የሚያቀርብ አዛዥ ነው፤ ከአዛዦቹ መካከል ሴቶች ቢኖሩ የእኛ ጉዳይ ጠረጴዛው ላይ ሳይነሣ አይታለፍም። ሴት ሁሉ ርኅሩኅ ናት አንልም። ነገሩ የሚመለከተው ሰው በሌለበት አይወሰን ነው የምንለው።

ሌላም አለ። ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት ሰላም ማስከበር ብዙ ሠራዊት ካዋጡ አገሮች አንዷ ናት፤ በላይቤሪያ፣ በዳርፉር፣ በአብዬ ተሰልፋለች። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. እስከ 2028 ድረስ ከሚሰለፈው ጦር 15 በመቶው፣ ከወታደራዊ ታዛቢዎችና ከስታፍ መኮንኖች ደግሞ 25 በመቶው ሴቶች እንዲሆኑ ግብ አስቀምጧል። ከፍ ያለው ቁጥር በመኮንኖቹ በኩል መሆኑን አስተውሉ። ሴት መኮንን ያላፈራ አገር ወደዚያ የሚልከው አይኖረውም።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? አካዳሚውን የምናዝ አይደለንም። ግን በሩ ከአካዳሚው ብዙ ቀድሞ፣ በእኛ ቤት እንደሚጀምር እናውቃለን። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኝ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ውድድር የሚያልፈው የማጥኛ ሰዓት ያለው ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ታናናሾቿን የምትይዘው ልጅ መጽሐፍ የምትገልጠው ሁሉም ሲተኛ ነው። ወንድሟ ሜዳ ሄዶ ኳስ ሲጫወት ሳንባውንና እግሩን ያጠነክራል፤ እሷ ጉድ ጉድ ስትል ዋለች። ከዚያ በአንድ ቀን እኩል ሩጡ ሲባሉ እሱ ቀደመ፤ «ሴት ደካማ ናት» ተባለ። ልዩነቱን ያመጣው ተፈጥሮ ብቻ አይደለም፤ የሥራ ክፍፍላችንም ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው አራት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በየቤታችን ከ9ኛ ክፍል በላይ ላለች ልጅ በቀን ሁለት ሰዓት የማጥኛ ጊዜ እንስጣት፤ የቤቱን ሥራ ወንድሟ ይጋራ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ የምዝገባ ማስታወቂያ ሲወጣ አንብባ ለቡድኗ የምታስረዳ አንዲት አባል በየቡድኑ እንመድብ። ዕድሜ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ጤና፣ ቁመት፣ ቀኑ የት እንደሚያበቃ፣ የትኛው በር እንደሆነ፤ የመደበኛ ወታደር ነው ወይስ የዕጩ መኮንን። ብዙ ልጅ የሚቀረው በፈተና ወድቆ አይደለም፤ ማስታወቂያው የቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ቀኑ ካለፈ በኋላ ሰምቶ ነው። መታወቂያና መሸኛ ቀድሞ ይዘጋጅ።

ሦስተኛ፣ ከደላንታ፣ ከሳይንት፣ ከወረኢሉ ለምዝገባ ወይም ለፈተና ወደ ደሴ የምትመጣ ልጅ የምታድርበት ስላጣች አትመለስ። ደሴና ኮምቦልቻ ያለን አባላት በየቤታችን አንድ መደብ፣ አንድ ብርድ ልብስ አናጣም። ስም ዝርዝር ይዘን ተራ እንግባ። ለዚሁ ፈተና የምትዘጋጅ ልጅም ብቻዋን መንገድ ላይ ሮጣ መሳቂያ እንዳትሆን ጠዋት ጠዋት አብረን እንውጣ። ለጤናችንም ይበጀናል።

አራተኛ፣ ለሚመለከታቸው ክፍሎች በጽሑፍ አራት ጥያቄ እናቅርብ። ለሴቶች የተመደበው ቁጥር ወለል ነው ወይስ ጣሪያ? በመራጩ ኮሚቴና በሕክምና ምርመራው ሴቶች አሉ ወይ? የአካል ብቃት መለኪያው ከሥራው ጋር ምን ያህል ይገናኛል? በሥልጠና ላይ በደል የደረሰባት ዕጩ ከአሠልጣኟ ውጪ ለማን ታመለክታለች? መልስ ካገኘን በመጽሔታችን እናትማለን። መልስ ካላገኘን አለማግኘታችንን እናትማለን።

ለደጋፊዎቻችን የምንለው አጭር ነው። ትልቅ አዳራሽ አንጠይቅም። የማጠናከሪያ ትምህርት ለሚሰጡ መምህራን አበል፣ መብራት ለሌላቸው ቤቶች የሶላር መብራት፣ ለልጆቹ ሞዴስ፣ ለመንገድ የትራንስፖርት ገንዘብ። ትንንሽ ይመስላሉ፤ ልጅ የሚያስቀሩት ግን እነዚህ ናቸው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ልጂቱ አካዳሚ ላትገባ ትችላለች፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም መምህርት ትሁን፤ የደከምንበት አይባክንም።

የአባቶቻችን ተረት «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ይላል። ሴት ሐሳብ ብታፈልቅ ወንድ ካልጨረሰው አይጸናም ማለት ነው። ይህ ተረት እስከ ዛሬ በሕይወት ያለው እውነት ስለሆነ አይደለም፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ወንበር ላይ ሴት ስላልተቀመጠች ነው። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ተረቱ ራሱ ያረጃል።

ሌላ ተረትም አለን፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። አንዲት እናት ብቻዋን ይህን ሁሉ ተሸክማ ልጇን ለፈተና ማድረስ ይከብዳታል። እኛ ግን ብዙ ነን። አብሽሩ፣ ይቻላል። ከዚህ ስትወጡ በሩ አጠገብ የስም መመዝገቢያው ደብተር አለ፤ ማሳደሪያ የምትሰጡ፣ ማስታወቂያ የምታነቡ፣ ጠዋት የምትወጡ፣ ስማችሁን ጻፉ።